ብረት ሲያጠጡ ያገኘኋቸው ሰዎች

ይህ የገጠመኝ ባለፈው መጋቢት፣ በመተማዋ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጎርፍም፣ ቃጠሎም፣ የተዘጋ ድንበርም ዘግቤያለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ፊቴ እንዳይለወጥ ራሴን አስለምጃለሁ። የዚያን ቀን የቀዳሁትን ድምፅ ዛሬ ስከፍተው ግን ከሰዎቹ ንግግር በላይ የሚሰማው የራሴ ሣቅ ነው። ነገሩን የማልረሳውም ለዚህ ነው።

የሄድኩት መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ስለ ሰሊጥ ገበያ ዘገባ ለመሥራት ነበር። ከጎንደር ስወርድ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የተጫነው የካሜራ ማቆሚያዬ አንድ እግሩ ተሰብሮ ደረሰ። በሁለት እግር የሚቆም ካሜራ የለም። የት እንደማስበይደው ስጠይቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን የጋራ ወርክሾፕ አሳዩኝ።

ወርክሾፑ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በያጁ፣ አናጢው፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኙና ሸራ ሰፊዋ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። መብራቱም መሣሪያውም የጋራ ነው። እኔ ስደርስ ግን አዳራሹ ውስጥ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ደጅ፣ ከአዳራሹ ጥግ ጋር በተያያዘ፣ ራኩባ በሚሉት ዳስ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። መሐላቸው ጫፏ ብቻ ብቅ ያለች የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ተተክላለች። አንዲት ሴት በጀርካን ውሃ ታፈስባታለች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ።

«እያጠጣን» አለች ሴትየዋ።

«ምኑን?»

«ብረቱን።»

ያሾፉብኝ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዘንጓ ዙሪያ ጨው ተነስንሷል። ከአጥሩ ውጭ ሥራ ፍለጋ ከወረዱት የቀን ሠራተኞች አንዱ ቆሞ ኖሮ፣ በጎጃም ቅላፄ «በቀለላችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀ።

«ገና ነው ወንድሜ» አለችው፤ «ግን ሥር ሰዷል። ለሰኔ ፌሮ እናጭዳለን፤ ጉልበት ካለህ ያኔ ና።»

ይህች ሴት ፋንታዬ ናት። የሰሊጥ መሸፈኛ ሸራ ትሰፋለች። በኋላ እንደተረዳሁት በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ መልስ ሳይሰጠው የሚያልፍ ንግግር የለም፤ መልሱን የምትሰጠውም እሷ ናት።

ነገሩን በቅጡ ያስረዳኝ በያጁ ደሳለኝ ነው። የሽንፋ ልጅ ነው፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው። አዲስ የቀለም መቀቢያ ማሽን እየተከሉ ነበር። ቀለሙ እንደ በርበሬ የላመ ደረቅ ዱቄት ነው። የመርጫው አፈሙዝ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። የሚቀባው ብረት ከመሬት ጋር በሽቦ ከተገናኘ ዱቄቱ ራሱ እየበረረ ሄዶ ይለጠፍበታል። ከዚያ ብረቱ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል፤ ዱቄቱ ቀልጦ ለስላሳና ጠንካራ ቀለም ይሆናል። ለቆላው የታዘዘ የሚመስል ሥራ ነው። በዚያ አገር በብሩሽ የተቀባ በር ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል፤ ከደረቀ ደግሞ ፀሐዩ ይልጠዋል።

ችግሩ ዱቄቱ አልይዝ ማለቱ ነበር። ደሳለኝ በቁራጭ ብረቶች ላይ ሲሞክር ሰንብቷል። ዱቄቱ ትንሽ አረፍ ይልና ሲነኩት ይረግፋል። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ «መጀመሪያ የመሬት ግንኙነቱን ፈትሽ» ይላል። መሬቱ ደግሞ የመጋቢት መሬት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ስለዚህ በዘንጓ ዙሪያ ጨው ነስንሰው በጋሪ የመጣ ውሃ ያጠጧታል። እኔ ሰው እንደነገረኝ የምጽፍ አይደለሁምና ጎንደር ለማውቀው ኤሌክትሪሺያን ደወልኩ። «ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ይጨምሩ» አለኝ። ጨመሩ።

ለደሳለኝ ይህ ቀልድ አልነበረም። ማሽኑን ያመጣው የራሱን የብየዳ ማሽን ለውጦበት ነው። አሁን የሚበይደው በጋራው ማሽን ነው። ማሽኑን የሚያቆምበት ሌላ ቦታ የለውም፤ የተከራየው ቤት መብራት አምፖል አብርቶ ስልክ ከመሙላት አያልፍም። የአዳራሹን ጥግ ካላገኘ ማሽኑም ሥራውም የለም። ሚስቱ ይህን ስለምታውቅ ከሽንፋ እየደወለች አንዲት ቃል ብቻ ትጠይቀዋለች፦ «ያዘ?» እኔ ባለሁበትም ደወለች። «አልያዘም» አለና ዘጋ።

ጥጉን የሚፈልጉት ሌላው ሰው ደግሞ የወርክሾፑ ሰብሳቢ፣ ጋሽ አለነ ናቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ የማሽላ መውቂያና የትራክተር ተሳቢ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ክረምት ሲገባ መውቂያዎቻቸውን ዝናብ ስለሚመታባቸው እዚያ ጥግ ሊያስገቧቸው ያስባሉ። የማቆሚያዬ እግር እስኪበየድ ከርከዴ እየጠጣሁ ስጠብቅ መጥተው ምድጃውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ለመተማ ምድጃ!» አሉ። «ደጅ ብታስቀምጡት እኮ እስከ ምሳ ይበስላል። ምን አደከማችሁ?»

«ጋሽ አለነ፣ ሁለት መቶ ዲግሪ ነው የሚያስፈልገው» አለ ደሳለኝ።

«አብደራፊ ሄደህ ሙቀቱን ቀምሰህ ታውቃለህ?» አሉት።

ከዚያ ፍርዳቸውን ተናገሩ። «ነገ ስብሰባ አለ። አባላቱ ፊት የኔን ወንበር ቀብተህ ታሳየኛለህ። ያንተን ቁራጭ ብረት አላይም፤ ቁራጭ ብረት ለጌታው ያዳላል። ማሽንህ ወንበሬን ከቀባት ጥጉ ለድምፅ ይቅረብልህ። ካልቀባት መውቂያዬ ይገባበታል፤ አለቀ።»

ወንበሯ በወጣትነታቸው ከአሮጌ ትራክተር ብረት የሠሯት ናት። ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። ስብሰባ የሚመሩትም እሷ ላይ ሆነው ነው።

ማቆሚያዬ በዚያው ቀን ተሠርቶልኛል። ወደ ጎንደር መመለስ እችል ነበር። የወርክሾፑ ነገር ለሰሊጥ ዘገባዬ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ጉዳዩ ሳይለይለት መሄድ አልሆነልኝም።

በማግሥቱ ስደርስ ወንበሯ አሮጌ ቀለሟ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ ብር ታበራለች። ጋሽ አለነ ሲያዩዋት ደነገጡ። «ራቁቷን አስቀራችኋት!» አሉ። የክት ጥቁር ጫማ አድርገው ነበር የመጡት። ራኩባው ሥር ሲገቡ ግን መሬቱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ያ ሁሉ ውሃ የት ይሂድ? በቆላ፣ በመጋቢት፣ ጭቃ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ደረቅ ላሜራ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና ሱሪያቸውን ሰብስበው በባዶ እግራቸው ቆሙ።

ደሳለኝ ሁሉን ነገር ፈተሸ። እኔም ተከትዬው ፈተሽኩ። ከራኩባው ምሰሶዎች ላይ የተጋደመው ብረት ንጹሕ ነው። ከዘንጓ የመጣው ወፍራም ሽቦ በዚያ አግዳሚ ብረት ላይ ጠብቆ ታስሯል። ዘንጓ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ናት። ወንበሯን ከአግዳሚው ላይ ያንጠለጠለችው ፋንታዬ ናት፤ በሲባጎ፣ የሰሊጥ ጆንያ በሚታሰርበት በዚያ የናይለን ሲባጎ፣ አራት እጥፍ አድርጋ።

በዚያ አገር ሲባጎ የማይገባበት ነገር የለም። በር የሚዘጋው፣ የፍየል እግር የሚታሰረው፣ የተሰበረ መስኮት የሚያዘው በሲባጎ ነው። የጋሽ አለነ መነጽር አንዱ እጀታ ሲባጎ ነው። ስለዚህ ሲባጎውን አየሁት፤ አንድም ጥያቄ አላነሣሁበትም።

«የኔ ቋጠሮ ተሳቢ ይጎትታል» አለች ፋንታዬ፤ ወንበሯን ገፋ አድርጋ እያወዛወዘች።

ራኩባው በሦስት ጎን በሸራዎቿ ተጋርዷል። አባላቱ በክፍቱ በኩል ቆሙ። ደሳለኝ ቦቲውን አጥልቆ፣ አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ መርጫውን አነሣ። የመረጠው ቀለም አረንጓዴ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ አምፖሉን አየን፤ መብራት አለ። ከዚያ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ።

አረንጓዴ ጉም ወጣ። ወደ ወንበሯ ሄደ፤ ደረሰ፤ ሐሳቡን ቀየረና ዞረ። የወንበሯ ብረት ላይ ቀጭን አቧራ ብቻ ቀረ፤ እሱም ወዲያው ረገፈ። ጉሙ ሌላ ማረፊያ ፍለጋ ራኩባውን ዞሮ፣ ቆዳ ጫማ አድርጌ ጭቃው ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጣ። ሸሚዜ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ ጺሜ ላይ ሰፈረ።

«ያዘ!» ብላ ጮኸች ፋንታዬ። «ጋዜጠኛው ያዘ!»

አባላቱ ተንጫጩ። «ማሽኑ የሚቀባው ሰው ነው ብረት?» አለ አናጢው። «እኔን ትንሽ ርጨኝ፤ ለፋሲካ ልብስ አልገዛሁም» አለ የፓምፕ ጠጋኙ። እኔ ዱቄቱ አፌ እንዳይገባ ከንፈሬን ገጥሜ ቆምኩ። ጥያቄ መጠየቅ አልቻልኩም፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

የደሳለኝ ዓይኖች ከሻሹ በላይ ይታያሉ። ላቡ እየወረደ ነው። «ውሃ!» አለ። «ውሃ ጨምሩባት!» አናጢው አንድ ጀርካን ሙሉ ገለበጠባት። ጭቃው ቁርጭምጭሚት አለፈ። መርጫውን እንደገና ሳበ። የአየሩ ግፊት ወንበሯን እንደ ዥዋዥዌ ያወዛውዛታል እንጂ አንድ ቅንጣት አልያዘባትም።

ጋሽ አለነ ወንበራቸው እንደ ፋሲካ በግ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ ማየት ከበዳቸው። «በቃ! በቃ! ወንበሬን ስጡኝ!» ብለው በጭቃው እየተራመዱ ሄዱና እግሯን ጨበጧት።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ወግ ነው!» ብለው ጮኹ። «መታችኝ! የገዛ ወንበሬ መታችኝ!» ሌላ ሰው ቢሆን ይለቃት ነበር። ጋሽ አለነ ግን ዕድሜያቸውን ከእምቢተኛ ብረት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይልቁን አጥብቀው ያዟት። «እኔን? ከስንት ዘመን በኋላ እኔን?»

ደሳለኝ ከድንጋጤው የተነሣ ጣቱን ከመርጫው አላነሣም። ጉሙም ዞረ። ቀፎውን እንዳገኘ ንብ ዓይናችን እያየ ወንበሯ ላይ ሰፈረ። መቀመጫዋ አረንጓዴ ሆነ፤ መደገፊያዋ ሆነ፤ ከኋላ፣ መርጫው ባልዞረበት በኩል እንኳ ዱቄቱ እየተጠማዘዘ ሄዶ ያዘ። የጋሽ አለነ እጅ፣ የኮታቸው እጅጌ፣ የጢማቸው ግማሽም አብሮ ያዘ።

«አይልቀቋት!» አለ ደሳለኝ።

«ምን?»

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ ጋሽ አለነ፣ አይልቀቋት!»

«ያዟት! ያዟት!» አለች ፋንታዬ እየዘለለች፤ ጭቃው ይረጨናል። «እሷ እኮ እርስዎን ፈልጋ ነው! እርስዎ ካልነኳት አልቀባም ብላ ነው!»

ጋሽ አለነ አልለቀቁም። ለማሽኑ አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሯ ዳግመኛ ብትመታቸው ብለው ፈርተው ነው። እጃቸውን ከእግሯ ወደ መቀመጫዋ ሥር አዛወሩ፤ ደሳለኝም የጨበጡበትን ቦታ ረጨው። ሲጨርስ ወንበሯ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። ጋሽ አለነ እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም።

ወንበሯን ሁለት ሰው ከሲባጎው ቀለበት አውልቆ በጥንቃቄ ወደ ምድጃው ወሰዳት። ጋሽ አለነ እጃቸውን ከአካላቸው አርቀው እንደያዙ ተከተሏቸው።

«እኔስ?» አሉ። «እኔንም ልታስገቡኝ ነው?»

«እርስዎ በስለዋል» አለች ፋንታዬ። «ስድሳ ዓመት እዚህ ኖረው!»

እዚህ ላይ ነው ድምፅ መቅጃዬ የራሴን ሣቅ የያዘው። ኮምፕረሰሩ ላይ ደገፍ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሣቅኩ። እንባው ፊቴ ላይ ካለው ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ምን እንዳስመሰለኝ አላውቅም፤ አንድ ሕፃን ግን ከአጥሩ ሥር አይቶኝ ሮጧል።

ወንበሯ ወጥታ ስትቀዘቅዝ ታበራ ነበር። ጋሽ አለነ በቁልፍ አንኳኳት፤ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቁት፤ አልተነሣም። ከዚያ ተቀመጡ። ገና አልቀዘቀዘችም ነበር። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም፤ ወደ መቀመጫዋ ጫፍ ግን ቀስ፣ ቀስ እያሉ ሲንሸራተቱ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ቀባ ወይስ አልቀባም?» አለ ደሳለኝ።

«ማሽንህ መቼ ቀባ?» አሉ። «የቀባሁት እኔ ነኝ። እኔ ስይዝ ይዟል፤ እኔ ሳልይዝ አልያዘም። ለሰው አልጋ ስትሠራ እኔን ልታቆም ነው?»

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየ። ከአግዳሚው ወርዶ ባዶውን የተንጠለጠለውን ሲባጎ አየ። ሁላችንም አየነው።

ሽቦው መሬቱን ከአግዳሚው ጋር አገናኝቷል። አግዳሚውን ከወንበሯ ጋር የሚያገናኘው ግን ናይለን ነው፤ ናይለን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቁራጭ ብረቶቹም ሁሉ የተሞከሩት በሲባጎ ተንጠልጥለው ነው። ወንበሯን ከመሬት ጋር ያገናኟት በባዶ እግራቸው ጨዋማው ጭቃ ውስጥ የቆሙት ጋሽ አለነ ናቸው። መሬቱ ጥፋት አልነበረበትም። ያ ሁሉ ውሃ የፈሰሰው በከንቱ ነው።

«ያ ሁሉ ጨው!» አለች ፋንታዬ። ቀጥላም ሲባጎውን በእጇ ይዛ፣ «ቋጠሮዬ ግን አልተፈታም» አለች።

ደሳለኝ ሲባጎውን ቆርጦ ጣለ። ሽቦ አጥፎ ሜንጦ ሠራ፤ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሰቀለበትና ረጨው። ማንም አልነካውም። ጉሙ እንደ ለመደ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ ያዘበት።

በዚያ ወርክሾፕ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ነገር ግን ጋሽ አለነ እጃቸውን ሳያነሡ የሚያነሣ ሰው የለም፤ በሕግ የተጻፈ አይደለም፣ እንዲያው ነው። ደሳለኝ ይህን ያውቃል። አጠገቤ ቆሞ ሻሹን በእጁ ይጠመዝዘው ነበር።

ጋሽ አለነ ወንበራቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጥጉ ለቀለም ማሽኑ ይሁን የሚል» አሉ፤ «እጁን እንዲህ አድርጎ ያውጣ።»

«እንዲህ አድርጎ» ሲሉ እንደ ልማዳቸው አሳዩ። እስከ ክርን አረንጓዴ የሆነ እጅ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ወጣ።

የአናጢው እጅ ተከተለ። የፓምፕ ጠጋኙ ተከተለ። ወዲያው እጅ ያላነሣ ጠፋ። ፋንታዬ ሁለቱንም አንሥታ «ተቆጠረ! ያንን እጅ ዓይነ ስውርም አይስተው!» ትላለች።

«እያሳየሁ ነው እንጂ—» አሉ ጋሽ አለነ። ቀና ብለው እጃቸውን አዩት። ቀጥለው ደሳለኝን አዩት። እጃቸውን አላወረዱም።

ደሳለኝ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ያዘ» አለ። ዘጋው።

ከስብሰባው በኋላ ፋንታዬ ዱቄቱን በኮምፕረሰር አየር ከላያችን አራገፈችልን። አፍንጫችንን ይዘን ተራ በተራ እንደ ጆንያ ዞርንላት። ተራ ስጠብቅ ጋሽ አለነን ጠየቅኋቸው፤ ሥራዬ ነውና። «እጅዎን ያነሡት ለማሳየት ነው ወይስ ለመደገፍ?»

«የምን ድጋፍ?» አሉኝ። «ቀለሙ እንዲደርቅ ነው ያነሣኋት።»

የዱቄት ቀለም አይደርቅም፤ መጀመሪያም ደረቅ ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም ማወቄን ያውቃሉ።

ለጣቢያው የላክሁት ዜና አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በሸሕዲ ከተማ የሚገኝ የጋራ ወርክሾፕ የብረት ቀለም መቀቢያ ማሽን ሥራ አስጀመረ። አጣርቼዋለሁ፤ እውነት ነው። ሌላውን የሚያስገባ ቦታ ዜናው ውስጥ አልነበረም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ምርቃት ዘግቤያለሁ፤ ሪባን ሲቆረጥ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ከሁሉም ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። አሁን ድምፁን የምከፍተው ቀኑ ሲከብደኝ ነው። በሣቄ አላፍርም። ሸሚዙን ግን አጥቤው አጥቤው አልለቅ ስላለኝ ሰጠሁት፤ የተቀበለኝ ሰው አረንጓዴውን ነጠብጣብ አይቶ «ጥሩ ዲዛይን ነው» አለ።